የመሪ ጨዋታ

አዘዞ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
የአባቴን ፒካፕ ይዤ በማለዳ ስገባ፣
«ምኑን አመመው?» አለ ሻረው፣ እጁን በጨርቅ እያበሰ፤
ከእጁ ይልቅ ጨርቁ ነው በግራሶ የራሰ።
«መሪው ይጫወታል፤ ሩብ ዙር ባዶ ነው፤
አዙሬ፣ አዙሬ ነው ጎማው የሚሰማው።»

አባቴ ቢምረው ሃያ ሁለት ዓመት ነድቶታል፤
ከቆላ ድባ ጎንደር ነጭ ሽንኩርት ጭኖበታል።
መሪው ሲላላበት አላሠራውም፤ ለመደው፤
ኩርባው ገና ሳይደርስ ቀደም ብሎ ሲያጥፈው፣
እንደ ክፉ ጎረቤት አውቆ ሲያልፈው።

አንድ ቀን፣ ወደ ጎንደር ሽቅብ ስንወጣ፣
መሪጌታ ልሳኑ ጋቢና ተቀምጠው፣ ያ ነገራቸው መጣ፦
«ቢምረው፣ መንገዱስ ቀጥ ብሎ ሳለ፣
መሪው ብቻ እኮ ነው ወዲያ ወዲህ ያለ።»
አባቴ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። መስኮቱን ዘጋ።
ልጅ ነበርኩ፤ ሰሙ ብቻ ገባኝ፤
ወርቁ እስኪገባኝ ስንት ዓመት ነጋ።

ዘንድሮ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው፣ ቁልፉን ከነልማዱ ሰጠኝ።
መጀመሪያ እኔው ሞከርኩ፤ ማን ይሙት፣ እልህ ያዘኝ።
አሥራ ሰባት ቁልፍ ተዋስኩ፤ የሳጥኑን ብሎን አጠበቅሁ፤
ኩርባ ላይ አዞርኩት፣ ዞረ፤ አልመለስ ሲለኝ ደነገጥሁ።
«ጥርሱን ላመመው ሰው» አለ ሻረው፣
«ቀበቶ ማጥበቅ ምን ይረዳው?»

«ጥሩዓለም! ጋቢና ግቢ፤ ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ቀኝ፣ ግራ፤
እኔ ከሥር ሆኜ ልጠይቃቸው፣ አንድ በአንድ፣ በተራ።»
የእህቱ ልጅ ናት፤ የቱታዋ እጅጌ ሦስቴ የታጠፈ።
ስታዞር ዘንጉ ይሰማል፤
ሳጥኑ ይሰማል፤ ክንዱም ይሰማል፤
የግራው ቴስቲና ግን እንቅልፍ ላይ ነው፤
ሁሉም ካለፈ ወዲያ ይነቃል።

ጠራኝ። ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ፤
አባቴ ስንት ዓመት አውቆ ያለፈውን እዚያ አየሁ፦
ላስቲኳ የተቀደደ፣ አፈር የበላች አንጓ፣
ማንም ያልሰማት ስትንጓጓ።
በሁለት ጣት ስይዛት ተነቃነቀች፣ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ፣
መነቀል የምትጠብቅ፣ ደፋር እጅ እስኪደርስ።

ሻረው ሽቦዋን ሳበ፤ ዳዶዋን ፈታ፤
በመዶሻ ጎኗን ሁለቴ መታ።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሚያልቀው፤
ጓ፤
ከዚያ ዝምታ።

አዲሷን ከፒያሳ ጥሩዓለም በባጃጅ አመጣች፤
ዋጋዋን ነግራኝ፣ ፊቴን ሳታይ ወጣች።
አሥራ አንድ ዙር ተኩል ነበር አሮጌዋ ስትወጣ፤
አዲሷም አሥራ አንድ ተኩል፣ አንዲት ጥርስ ሳትቀንስ፣ ሳታመጣ።
«ገበሬ ድንበሩን ይቆጥራል፣ እኛ ዙሩን።»
ከዚያ ጎማና ጎማውን በሲባጎ ለካ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ልጅ መስሎ፣ ተመስጦ።

«ትንሽ ትቼበታለሁ» አለ፣ «ሁለት ጣት ያህል።
ጭራሽ የማይጫወት መሪ ጠጠሩን ሁሉ ወደ ክንድህ ይልካል።
ሁለት ጣት ጨዋታ ነው።
ሩብ ዙር ግን፣ ልጄ፣ ሐሜት ነው።»

ማታ አባቴን አሳፈርኩት፤ መኪናው ይታየው በጆሮው።
ኩርባው ላይ እጄ በልማድ ቀደመ፤
መኪናው ወዲያው ሰማኝ፤ ወደ ቦዩ አዘመመ።
«ቀስ በል!» አለ፤ «አሁን እኮ ይሰማሃል።»
እጄም መጠገን አለበት ለካ፤ ለሱ ማን ቴስቲና ይሸጣል?

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሰረቅ አድርጌ አየሁት፦
ሁለት እጁ ጭኑ ላይ፣ አየር ጨብጦ፣
ከእኔ ቀድሞ ያዞራል፣ ዛሬ የሌለውን
ያንን ሩብ ዙር አሟጦ።

«ልሳኑ ቢኖሩ» አለ በኋላ፣ «ዛሬ ምን ይሉ ነበር?»
ምንም አልመለስኩ፤ የጎንደር መብራት ከላይ ሲበር።
መስኮቱን ግን
አልዘጋሁም።